የአንድ ወር ውድድርና የበጉ ሽልማት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የስፖርት ኮሚቴያችን ያቀረበውን አሳብ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ይኸውም በአንድ ወር ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ኪሎ ለቀነሰ ሰው ከማኅበሩ ገንዘብ በግ ተገዝቶ ይሸለም የሚል ነው። ኮሚቴው ለሠፈሩ ጤና አስቦ ነውና ሊመሰገን ይገባል። ደም ግፊትና ስኳር በየቤታችን መግባቱን የማያውቅ የለም። ሆኖም ጸሐፊ ነኝ ብዬ ዝም ብሎ ቃለ ጉባኤ መጻፉ ከበደኝ። በውድድሩ አኳኋን አልስማማም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከመወሰናችን በፊት ምክንያቴን በዚህ ሰሌዳ ላስረዳ።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። አምና እኔም ቦርጬ አስጨንቆኝ መቀነስ ጀመርኩ። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ቀን ጎመን፣ ማታ ምንም። ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ስመዘን 84 ኪሎ ነበርኩ። በሳምንቱ ሄጄ ብወጣበት 80 አለ። አራት ኪሎ በሰባት ቀን! የላላውን ሱሪዬን እየሳብኩ ለሠፈሩ ሁሉ አወራሁ። አንዳንዱ «ጎሽ» አለኝ፤ እናቶች ግን «ምነው ልጄ ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት በእድሩ ድንኳን ቆሜ የአባላት ስም ስጠራ ዓይኔ ጨለመብኝና መዝገቡን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲያ መብላት ጀመርኩ፤ አበላሌም የተራበ ሰው አበላል ነበር። በአራተኛው ወር ሚዛኑ 86 አለ። የሚመዝነኝ ልጅ እንኳ «ጋሼ፣ ከነወለዱ ተመለሰ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ።

ታዲያ ያ አራት ኪሎ የት ሄዶ ነበር? ነርስ የሆነች የሠፈራችን ልጅ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ። ሰውነታችን ከምንበላው እንጀራና ዳቦ ከሚያገኘው ስኳር ከፊሉን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስንቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ስንቁ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ድንገት ሲቀነስ ሰውነት አስቀድሞ የሚያወጣው ይህን ስንቅ ነው፤ ውሃውም አብሮ በሽንት ይወርዳል። ጨው ስንቀንስም እንዲሁ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚዛን ላይ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው። እንጀራው ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህ ሒሳብ ግን ለማንም አያስቸግርም። ከምግብ የምናገኘው ጉልበት የሚለካው በካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። አንድ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያቃጥል ቢሆን፣ ሳምንቱን ሙሉ እህል ባይቀምስ እንኳ የሚያቃጥለው 15,400 ነው። ለ7,700 ሲካፈል ሁለት ኪሎ ይሆናል። ጭራሽ ሳይበላ ሁለት ኪሎ ብቻ! እንግዲያው «በሳምንት አምስት ኪሎ ስብ ያራግፋል» እየተባለ የሚሸጠው ሻይ የቀረውን ሦስት ኪሎ ከየት ነው የሚያመጣው? ከውሃ ነው፤ ከጡንቻም ነው። አንዳንዱ ሻይ እኮ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት። ሰውዬው ከሳሁ ይላል እንጂ የከሳው ሆዱ ሳይሆን ኪሱ ነው።

ቶሎ መቀነስ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ እውነቱን መናገር ይገባል። በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ 200 ያህል ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በ12 ሳምንት፣ ገሚሶቹ በ36 ሳምንት እንዲቀንሱ ተደረገ። ካሰቡት ግብ የደረሱት ከፈጣኖቹ መካከል በዙ። ነገር ግን የተሳካላቸውን ሁሉ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲከታተሏቸው፣ ፈጣኑም ዝግተኛውም ከቀነሱት ውስጥ 71 ከመቶ ያህሉን መልሰው ጨመሩት። በብሪታንያም በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከያዛቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጡ ሰዎች፣ በባለሙያ ክትትል በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየወሰዱ ለወራት ቆዩ። በዓመቱ ከመቶው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ፈጠነ ወይስ ዘገየ ብቻ አይደለም፤ ማን ተከታተለው፣ ከዚያ በኋላስ ምን ተደረገ የሚለው ነው። እነዚያ ሰዎች የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበራቸው፤ የሚወስዱት ምግብም ተለክቶ የተሟላ ነበር። በእኛ ውድድር ላይ ግን ያለው አንድ ሚዛንና አንድ በግ ብቻ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው፣ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ ቢተው ስኳሩ በጣም ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስደውም ግፊቱ ከልክ በላይ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በጣም ቶሎ የሚቀንስ ሰው የሐሞት ጠጠር ሊይዘው እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በእንዲህ ያለ ውድድር መግባት የለባቸውም። በግ አገኛለሁ ብሎ ድንኳን የሚያስተክለን ሰው አንፈልግም።

ደግሞስ ጾም የምናውቅ ሰዎች አይደለንም? በሁዳዴ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ይገባል፤ ፋሲካ ውሎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችንም ከኢድ በኋላ እንዲሁ ይሉናል። ጾሙ ለነፍስ ነው እንጂ ለሚዛን አልታዘዘም። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው ችጋር መጣ ብሎ፣ ከሰል እንዳለቀባት የቤት እመቤት እሳቱን ይቆጥባል፤ ረሃቡንም ያበረታል። ስለዚህ መልሶ የሚወፍር ሰው ሆዳም ነው ተብሎ ሊሰደብ አይገባም። የያዘው መንገድ ለአንድ ወር እንጂ ለዕድሜ የሚሆን ስላልነበረ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ እንዳይሆንብኝ አሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለውድድሩ የሚመዘገብ ሁሉ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ፤ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ሁለተኛ፣ የኪሎ ውድድር መሆኑ ይቅር። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ለብዙ ሰው የሚመከረው ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ለፈጠነ ጭብጨባ አይኑር። ሦስተኛ፣ ሚዛኑ ሲጀመር፣ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ ይሁን። በዓመቱ የቀነሰውን ይዞ የተገኘ ሁሉ ስሙ በዕጣ ውስጥ ይግባና በጉ ለባለ ዕጣው ይሰጥ። እስከዚያ በጉም ይወፍርልናል።

ለዓመት የሚዘልቀው ነገር ደግሞ ቀላል ነው። በሻይ ላይ አራት ማንኪያ የነበረውን ስኳር ሁለት፣ ከዚያም አንድ ማድረግ። ወጡ ላይ ዘይት መቀነስ። ሦስት እንጀራ የነበረውን ሁለት አድርጎ ጎመኑንና ምስሩን ማብዛት። በስብሰባና በለቅሶ ቤት ለስላሳውን ትቶ ውሃ መጠጣት። ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ። እኔ ራሴ ከሰባት ወር ወዲህ በዚሁ ነው ያለሁት፤ አሁን 82 ነኝ። ለወሬ አይመችም፤ ቢሆንም ስም ስጠራ ዓይኔ አይጨልምም።

መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር በደንብ አውቃለሁ። ይህን እድር እስከ ዛሬ ያቆመው በገባበት ወር ብዙ ከፍሎ የጠፋው ሰው አይደለም። ያቆመው ትንሿን መዋጮ በየወሩ ሳያቋርጥ ያመጣው ነው። የሰውነትም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው ሰው በስብሰባው ይናገር፤ እኔም በቃለ ጉባኤው ሳላጎድል እጽፈዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የማኅበሩ ጸሐፊ