ቱቦውን የሚያስገባው ማን ነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሸመደድናት ነገር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የምትለዋን ነበር። ዲግሪያችንን ይዘን ስንወጣ ባለሥልጣን የለ ነጋዴ የለ ሁሉንም በጥያቄ ልናፋጥጥ ነበር። ለገዛ አክስታችን ግን «ማን?» የምትለዋን እንኳ ሳንጠይቅላቸው ቀረን።

እትዬ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። አምባ ጊዮርጊስን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ፣ ብርዷ አጥንት የሚገባ የወገራ ከተማ ናት። (ጭላዳ ልታዩ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትሄዱ በመኪና መስኮት አይታችሁ ያለፋችኋት እሷው ናት።) እትዬ የቆየ እንቅርት ነበረባቸው። ለቀዶ ጥገና ልጆቻቸው ወደሚኖሩበት ሩቅ ከተማ ሄዱ። የሆስፒታሉን ስም አንጠራም። ወረቀት ቀረበላቸው፣ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፣ ተኙ፣ ነቁ። እንቅርቱ የለም። ከላይኛው የፊት ጥርሳቸው አንዱም የለም!

ምን እንደተፈጠረ የነገራቸው የለም። እሳቸውም አልጠየቁም። «ከሞት ተርፌ ደግሞ ስለ ጥርስ ልጠይቅ?» አሉን።

እኛ ግን ሐኪም ጓደኛ ስላለን ጠየቅን። ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ጡንቻው ይፈታል፣ ትንፋሹም ይቆማል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይተነፍስለታል። ለዚህም ላሪንጎስኮፕ በሚባል መሣሪያ ምላሱን ወደ ጎን ገፍተው፣ አገጩን ከፍ አድርገው፣ ቱቦውን በድምፅ አውታሮቹ መካከል ወደ አየር ቧንቧ ይሰዱታል። ያልለመደ እጅ መሣሪያውን ወደ ላይ በማንሣት ፋንታ የላይኛውን ጥርስ እንደ መደገፊያ ይጠቀምበታል። ያኔ ጥርስ ይሄዳል። የለመደ እጅም አንዳንዴ ይሰብራል፣ እንዳንዋሽ። ጥርስ ግን ቀላሉ ነው። ቱቦው በስሕተት ወደ ምግብ ቧንቧ ገብቶ ቶሎ ካልታወቀ፣ አንጎል ያለ ኦክስጅን የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ትልቅ እንቅርት ደግሞ የአየር ቧንቧውን ገፍቶ ሊያጠብብ ስለሚችል ሥራውን ያከብደዋል።

ታዲያ ይህን ለመልመድ ስንት ሰው ላይ መሞከር ያስፈልጋል? በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጀማሪ ሬዚደንቶችን እየተከታተለ ቆጥሮታል፦ ከመቶ ዘጠናው እንዲሳካላቸው በአማካይ 57 ሙከራ። ልብ በሉ፣ እዚያ ከደረሱም በኋላ ከአሥር አንዱ ይስታል። ከአንደኛው እስከ ሃምሳ ስድስተኛው ያሉት እነማን ናቸው? ስም አላቸው። አንዷ ምናልባት እትዬ ናቸው።

ቀለል ያለ መሣሪያ አለ። ላሪንጂያል ማስክ ይባላል፤ አርቺ ብሬይን የሚባል የብሪታንያ ሐኪም በ1981 እ.ኤ.አ. ያበጀው ነው። ወደ አየር ቧንቧ ሳይዘልቅ ከበላዩ ይቀመጣል፣ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ግን ሆዱ ባዶ ላልሆነ በሽተኛ አይመከርም፤ ያስታወከው ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ እንደ ቱቦው አይከላከልም። ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ደግሞ መቼ ጾም ይጠብቃል?

«እንግዲያው ነባር ሐኪም ብቻ ይንካን» ልንል ነው? አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ኢሌን ብሮሚሊ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ጥገና ገባች። መጀመሪያ ማስኩ እምቢ አለ፣ ቀጥሎም ቱቦው። በዙሪያዋ የነበሩት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ነበሩ። እነሱ ደጋግመው ሲሞክሩ ነርሶቹ አንገት ተበስቶ አየር የሚሰጥበትን ዕቃ አዘጋጅተው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ከቀናት በኋላ ሞተች። ባሏ ማርቲን የአውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ይቀጡልኝ አላለም፣ ምን እንደተሳሳተ ይጣራና ሌላው ይማርበት አለ።

እኛም የምንለው ከዚህ አይርቅም። ተማሪው ይማር። የዛሬው ተማሪ ጎንደር ላይ ካልለመደ ነገ ደባርቅ ላይ ምጥ የጠናባትን ሴት ማን ያደነዝዛታል? በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው ሐኪሞች ሳይሆኑ በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ናቸው፤ እነሱም አንድ ቀን የመጀመሪያቸውን ቱቦ በሰው ላይ አስገብተዋል። ግን መጀመሪያ አሻንጉሊቱ ላይ ይሞከር። ሲኒየሩ ሻይ ቤት ሳይሆን አልጋው ራስጌ ይቁም። ሁለቴ ሞክሮ ያልተሳካለት እጅ ያስረክብ፤ ይሉኝታ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለበሽተኛው ይነገረው። ያ የጣት አሻራ የተረገጠበት ወረቀት «ተማሪ ሊሞክርብዎት ነው፣ አስተማሪው አጠገብዎት አለ» የምትል አንዲት መስመር ቢኖረው ምን ይጎዳል? «ሰው ይደነግጣል» ይሉናል። ይደንግጣ! ደንግጦ ይጠይቅ። ገንዘብ ያለው እኮ ሐኪሙን መርጦ ነው የሚተኛው፤ የማይደነግጠው ያልተነገረው ድኻ ብቻ ነው።

ሰሞኑን የእትዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ለሐሞት ጠጠር ቀጠሮ ተሰጣቸው። ሦስት ጥያቄ በትልልቅ ፊደል ጽፈን ሰጠናቸው፦ ቱቦውን የሚያስገባው ማን ነው? ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አስገብቷል? አጠገቡ የሚቆመው ማን ነው? ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጥፈው ኮት ኪሳቸው ከተቱት።

«ይቆጡኝ ይሆን?» አሉን።