ሦስተኛው ጉልቻ የት አለ?

በሁለት ጉልቻ ድስት አይጣድም። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያውቁታል። እኛ ግን በየመመረቂያ ጽሑፋችን «የመንግሥት፣ የኢንዱስትሪና የምክር ቤት ሽርክና ለክልል ልማት» እያልን ሦስት እንቆጥራለን። መንግሥት አለ። ኩባንያው አለ። ሦስተኛው፣ የአገሬው ምክር ቤት፣ የት አለ? እስቲ እኅት ወንድሞች፣ ሳንሸፋፈን እንነጋገር።

ከወንጂ እንጀምር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ አዲስ አገር ሲፈልግ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ተዋዋዮቹ ሁለት ናቸው። በአዋሽ ዳር ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ከግጦሹ ሲነሣ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም። ስኳሩ ተመረተ፣ ከተማ ተቆረቆረ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተሠራ፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ፣ አዋሽ አገዳውን ሲያጠጣ ሠራተኛው ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። የልጆቹ ጥርስ በለዘ፤ ዕድሜውን በዚያ የፈጀ ስንቱ ወገቡና አንገቱ ደረቀ። የሠራተኛው ሰፈር የሚናገርበት ምክር ቤት ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው አጀንዳ ስኳር ሳይሆን ውሃ በሆነ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ተወረሰ። ኩባንያው ወጣና መንግሥት በሁለቱም ወንበር ተቀመጠ። ሦስተኛው ወንበር እንደ ባዶነቱ ቀረ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ማለት ይኸው አይደል?

«ያ የድሮ ነው» ትሉ ይሆናል። ታዲያ ወደ ሐዋሳ እንውረድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የቻይና ተቋራጭ በጥቂት ወራት ሠራው፤ ፒ ቪ ኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ዋና እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የክልሉና የወረዳው ድርሻስ ምን ነበር? ከየገጠሩ ወጣት ሴቶችን መመልመል፣ መዝኖ መላክ! ይህ ሽርክና አይደለም፤ ድለላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን፣ በመጀመሪያው የሥራ ዓመትም ሥራ የሚለቀው ሠራተኛ መጠን መቶ በመቶ ገደማ መድረሱን ጽፏል። ልጅቷ የት ታድራለች? ማታ ከፈረቃ ስትወጣ በምን ትሄዳለች? ይህን መጠየቅ የነበረበት ልጅቷን መልምሎ የላካት አካል ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣች። ፒ ቪ ኤች ያንን ቀን እንኳ አልጠበቀም፤ በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ውሳኔው ከሐዋሳ ውጭ ተወሰነ፤ ዕዳው ሐዋሳ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ቀረ።

«ለምክር ቤት ሥልጣን ከሰጣችሁ ባለሀብት ይሸሻል» ይሉናል። ሸሽቷል እኮ! ሳይጠየቅ መጥቶ ሳይጠየቅ ሄደ። «ምክር ቤትማ አለ፣ እጁን አውጥቶ ያጸድቃል» የሚልም አይጠፋም። እጅ ማውጣትና መምከር አንድ ነው እንዴ? ሕገ መንግሥቱ እኮ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ዜጎች ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 50ም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ አዟል። የጎደለው ሕግ አይደለም፤ ሕጉን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ፋብሪካ አይምጣ አላልንም። ሥራ የሌለው ወጣት የት እንደሚውል ከማንም በላይ እናውቃለን። የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አገሬው በሚሰማው ቋንቋ ተጽፎ በከተማውና በወረዳው ምክር ቤት ፊት በአደባባይ ይመከርበት፤ «አይሆንም» ማለትም ይቻል። ሁለተኛ፣ ከገቢው የታወቀ እጅ ለውሃ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለመንገድ እዚያው ይቅር። ሦስተኛ፣ ኩባንያው ሲወጣ ሠራተኛው የሚደገፍበት ገንዘብ ሲገባ ይያዝ፤ ሰው ከሄደ በኋላ መያዣ አይጠየቅምና።

እኛስ? ነገ በየሚኒስቴሩና በየቢሮው ገብተን ውሉን የምናረቅቀው እኛው ነን። «ባለድርሻ አካላት» የምትለዋን ቃል ለምደናታል፤ ማን ድርሻ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ሳንጽፍ ሃምሳ ገጽ እንሞላባታለን። እንግዲህ በሚቀጥለው ጽሑፋችን «ሽርክና» ከማለታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህ ፋብሪካ በቆመበት ቀበሌ የሚኖረው ሰው ውሉን አይቶታል ወይ? ካላየው ሽርክና ብለን አንጻፍ። ስሙን እንጥራው፤ የሁለት ሰው ንግድ ነው።