«ማስረጃውን መርምረናል» ማለት ፍርድ ነው እንዴ?

የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በኅብረት ስምምነታቸው የተጻፈው አበል ተከለከልን ብለው ከአሠሪያቸው ጋር ተካረሩ እንበል። አስማሚ ገባ፣ አልሆነም። ጉዳዩ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሄደ። ምስክር ተሰማ፣ የደመወዝ መዝገብ ተገለበጠ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። በመጨረሻ አንዲት ወረቀት መጣች። «ግራ ቀኙ ያቀረቡትን ማስረጃ መርምረናል፤ የሠራተኞቹ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም» ትላለች። አለቀ!

መርምራችሁ ምን አገኛችሁ? የትኛውን ምስክር አመናችሁ? ያኛውንስ ለምን ጣላችሁት?

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ሕጉ ራሱ ነው የሚጠይቀው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን ይላሉ። የክርክሩ ጭብጥ ይገለጽ፤ የቀረበው ማስረጃ ከነምንጩ ይጻፍ፤ ቦርዱ ያረጋገጠው ፍሬ ነገርና ወደዚያ ያደረሰው የማስረጃ ምዘና ይስፈር፤ በየጭብጡ ምን እንደተወሰነና ምን እንደሚፈጸም ይነገር። «መርምረናል» የምትለው ቃል ከነዚህ የትኛውን ትተካለች?

ነገሩ የሚከብደው ወዲህ ነው። ቦርዱ በፍሬ ነገር ላይ የደረሰበት መደምደሚያ የመጨረሻ ነው። ይግባኝ የሚባለው በሕግ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ጊዜውም 30 ቀን። ታዲያ ምክንያቱ ካልተጻፈ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ምኑን አይቶ ያርም? ቦርዱ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት በማስረጃና በሥነ ሥርዓት ሕግ አይታሰርም። ይህ ጥሩ ነው፤ ጠበቃ መግዣ ለሌለው ሠራተኛ በሩን ይከፍትለታል። ግን እጁ ያልታሰረ ሰው የሠራውን ማሳየት አለበት እኮ!

አባላቱ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ መሆናቸውን አንክድም። የሚሾማቸውም ባለሥልጣን መሆኑን እንዲሁ አንረሳም። አሠሪው የመንግሥት ድርጅት ሲሆን ሠራተኛው በየትኛው ዓይን እንደሚያያቸው መገመት አያቅትም። ጥርጣሬውን የሚያስወግደው መሐላ ሳይሆን በደንብ የተጻፈ ምክንያት ነው። የመብራት፣ የውሃ፣ የቴሌ፣ የሆስፒታልና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ደግሞ አስቡ። ሥራ ማቆም ተከልክለዋል። የእነሱን ክርክር ጊዜያዊ ቦርድ ነው የሚያየው። በአድማ ፈንታ የተሰጣቸው ያ ወረቀት ብቻ ነው!

ለሠራተኛ ወኪሎችም አንድ ቃል አለን። በቦርዱ የተቀመጣችሁት ሠራተኛው እምነት ጥሎባችሁ ነው። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ያልፋል፤ ልትሸነፉ ትችላላችሁ፣ ነውር የለበትም። ሕጉ ግን የተለየ ሐሳብ ያለው በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም ብሏችኋል። በስብሰባ ተሟግቶ፣ ኋላ ከብዙኃኑ ጋር ፈርሞ፣ ማታ ሻይ ቤት «እኔ እንኳ አልተስማማሁም ነበር» ማለት ለማን ይጠቅማል?

የማኅበር መሪዎችም ውሳኔው እንደደረሳችሁ መጨረሻውን ብቻ አንብባችሁ ወረቀቱን አትጠፉት። ምዘናው አለ? በየጭብጡ ተወስኗል? የልዩነት ሐሳብ ተያይዟል? ሕጉ ጻፍ ያለውን አለመጻፍ ራሱ የሕግ ስሕተት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህንኑ ይግባኛችሁ ውስጥ አስገቡት፤ 30ው ቀን ሳያልፍ።