ለዓይን አፋር ልጅ ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ

ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ማለቱ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የጨዋነት ምልክት ነው። እንግዳ ሲገባ ከእናቱ ነጠላ ኋላ የሚሸሸግ፤ ስሙን ሲጠይቁት መሬት መሬት የሚያይ ልጅ «ጭምት ነው፤ የሰው ልጅ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ይኸው ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ይገባና፤ በቤቱ የተመሰገነበት ጠባይ በዚያ ነውር ይሆንበታል። እጁን ስላላነሣ ሰነፍ፤ ሲጠየቅ ስላልመለሰ ደንቆሮ ይባላል። አባቶቻችን «ዝምታ ወርቅ ነው» ብለዋል፤ ደግሞም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ልጁ በነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ሲቆም የትኛው በየትኛው ስፍራ እንደሚሠራ የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ለእንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት፤ ይልቁንም ገንዘብ የሚከፈልበት የግል ትምህርት ቤት፤ እንዴት እንደሚመረጥ ጥቂት እንናገራለን።

አስቀድሞ ዓይን አፋርነት በሽታም ስንፍናም አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ጄሮም ኬጋን፤ አራት ወር የሆናቸውን ሕፃናት አዲስ ነገር እያሳዩና እያሰሙ ቢመረምሩ፤ ከአምስቱ አንድ ያህሉ በአዲስ ነገር አጥብቆ የሚታወክ ሆኖ አገኙት። ነገር ግን ከነዚያ ልጆች መካከል እስከ ጉርምስና ድረስ እንደ ፈሩ የቀሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እንግዲህ ጠባዩ ከተፈጥሮ ቢመጣም ጸንቶ የሚቀር ዕጣ አይደለም። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የታዘብነው፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ምስክር ሁሉ ብዙ የሚያውቅ፤ ቃል የሚጠፋበትም ሁሉ ምንም የማያውቅ አለመሆኑን ነው። ዳኛው ታግሦ ሲጠይቀው ነገሩን አንድ በአንድ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ያ ዝምተኛው ነው።

የቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ለዓይን አፋር ልጅ አንድ ታላቅ ጥቅም ነበረው። ልጆቹ ፊደሉንና አቡጊዳውን፤ በኋላም ዳዊቱን ድምፃቸውን አሰምተው በኅብረት ይሉ ስለ ነበር፤ የሚፈራው ልጅ ድምፁን በባልንጀሮቹ ድምፅ ውስጥ ሸሽጎ ይናገር ነበር። ከፍ ያለውም ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል እንጂ ሕፃኑ ሁልጊዜ በየኔታ ፊት ብቻውን አይቆምም ነበር። የዛሬው ትምህርት ቤት ይህን ሥርዓት አውቆ ቢጠቀምበት፤ በመጀመሪያ በኅብረት፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆኖ፤ በመጨረሻ ለብቻ ማናገር ይችላል።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ የጫጫን ከተማ ምሳሌ እናድርግ። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ፤ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩም ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት የአንጎለላ አገር ነው። በደርግ ዘመን የተወረሱት የግል ትምህርት ቤቶች፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በር ከከፈተላቸው ወዲህ በየከተማው በዝተዋል። ስለዚህ የጫጫ ወላጅ ጥቂት ገንዘብ ያለው እንደ ሆነ፤ ልጁን በአጠገቡ ላስተምር፤ በየቀኑ ወደ ደብረ ብርሃን ላመላልስ፤ ወይስ አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት ላኑር ብሎ ያስባል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመለከተው የሕንፃውን ከፍታ፤ የልብሱን ቀለምና የክፍያውን ብዛት ነው። ለዓይን አፋር ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን መመልከት ይሻላል። የጫጫና የደብረ ብርሃን አገር ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርድበታል። የሰባት ዓመት ልጅ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፤ በማያውቃቸው ልጆች መካከል በመኪና ተጨናንቆ ክፍሉ ሲደርስ፤ የነበረችው ጥቂት ድፍረት በመንገድ አልቃለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውና ብዙ ልጆች ከትምህርት መራቃቸውም የታወቀ ነው። ደፋር ልጅ ትምህርቱ ተቋርጦ ሲቀጥል ፈጥኖ ይለምዳል፤ ዓይን አፋሩ ግን በተቋረጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ በእግር የሚደረስበት መልካም ትምህርት ቤት፤ መንግሥት የሚያስተዳድረውም ቢሆን፤ በሩቅ ካለው ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤት ሊበልጥ ይችላል።

ትምህርት ቤቱንም ወላጅ ራሱ ሄዶ ይመልከት። የሚሄድበት ቀን ልጆች ተጊጠው ግጥም የሚያነቡበት የወላጆች በዓል ሳይሆን፤ እንዲያው ተራ የትምህርት ቀን ይሁን። የሚመረምረውም ይህን ነው።

1ኛ፤ አስተማሪው ከጠየቀ በኋላ ምን ያህል ይታገሣል? ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፤ አስተማሪዎች ለመልስ የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን ገልጠዋል። ትዕግሥቱ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ። ይህን ለመመርመር ሰዓት የሚያሳይ ዓይን ብቻ ይበቃል፤ ዋጋም የለውም።

2ኛ፤ «ዝም የሚለውን ልጅ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ርእሰ መምህሩን ይጠይቅ። «በሰልፍ ፊት አቁመን እናስለምደዋለን» የሚል መልስ ካገኘ ይጠንቀቅ፤ ዋና የማያውቀውን ልጅ ከጥልቅ ወንዝ መጣል ማስተማር አይባልምና። «በመጀመሪያ ከአንድ ባልንጀራ ጋር እናስቀምጠዋለን» የሚለው ግን ሥራውን ያውቃል።

3ኛ፤ የአንደኛው ክፍል አስተማሪ በዚያ ስንት ዓመት እንደ ቆየ ይጠይቅ። አስተማሪ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት ቤት ሰውን በዝግታ ለሚለምድ ልጅ አይስማማም።

4ኛ፤ የትምህርቱን ቋንቋ ይመልከት። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ክፍል አንሥተው እንግሊዝኛ በማብዛታቸው ይመሰገናሉ። በአማርኛ ለመናገር የሚፈራ ልጅ ግን በእንግሊዝኛ እጥፍ ይፈራል። መጀመሪያ በአፍ መፍቻው ቋንቋ አንደበቱ ይፈታ።

5ኛ፤ መጸዳጃ ቤቱን ይይ፤ ልጆች ወደዚያ ለመሄድ እንዴት እንደሚያስፈቅዱም ይጠይቅ። በክፍሉ ሁሉ ፊት ቆሞ ማስፈቀድ ግድ የሆነበት ዓይን አፋር ልጅ እስከ ማታ ሽንቱን ይዞ ይውላል፤ ቤቱም ሲገባ ስለ ምን ትምህርት ቤት እንደ ጠላ አይናገርም።

ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የሴት ልጅ ዝምታ ከወንዱ ይልቅ ስለሚመሰገን፤ ማንም አያስብላትም። ነገር ግን ለአስተማሪዋ «አልገባኝም» ለማለት ያልለመደች ልጅ፤ ክፉ ሰው ሲያስፈራራት «እምቢ» ለማለትና ለእናቷ ለመንገር ከወዴት ድፍረት ታገኛለች? ስለዚህ አንደበትን ማስለመድ ለማዕርግና ለሹመት ብቻ ሳይሆን ራስንም ለመጠበቅ ነው።

ዝምታ ሁሉ ዓይን አፋርነት አለመሆኑንም እናስታውሳለን። ሲጠሩት የማይዞር ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ መስማት አንሶት ይሆናልና ሐኪም ይየው። በቤቱ እንደ ልቡ እየተጫወተ፤ በትምህርት ቤት ግን ከመጀመሪያው ወር በኋላም አንድ ቃል የማይናገር ልጅ ቢኖር፤ ይህ የታወቀ ችግር ስለሆነ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። ቁጣና ዱላ በዚህ ላይ ሲጨመር ዝምታውን ያጸኑታል እንጂ አይፈቱትም።

ትምህርት ቤቱ ከተመረጠ በኋላ የወላጅ ሥራ አያልቅም። በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜን፤ ቅጥሩ ገና ጸጥ ብሎ ሳለ ልጁን ወስዶ ክፍሉን፤ የውሃውን ስፍራና መጸዳጃውን ማሳየት፤ ከአስተማሪውም ጋር ማስተዋወቅ መልካም ነው። ከሚማሩት ልጆች አንዱን ወደ ቤት ጠርቶ አብረው ቆሎ እንዲበሉ ማድረግ ከብዙ ምክር ይበልጣል። እንግዳም ልጁን ስሙን ሲጠይቀው እናት ወይም አባት ፈጥነው አይመልሱለት፤ ጥቂት ይታገሡት። ከአስተማሪው የምንፈልገውን ሦስት ሰከንድ በቤታችን ካልሰጠን፤ በትምህርት ቤት ብንከፍልበትም አናገኘውም።

በ2015 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። እንግዲህ ዛሬ የሚመረጠው ቤት ልጁ ስድስት ዓመት የሚኖርበት ነው። የሚያውክ ልጅ በየቀኑ ይታሰባል፤ የማያውክ ልጅ ግን ከኋላው ወንበር ተቀምጦ ሳይነበብ ሳይጠየቅ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ክፍያውን ከመጠየቃችሁ በፊት በዚያ ክፍል የኋላውን ወንበር ተመልከቱ። አስተማሪው ወደዚያ የሚሄድ፤ በዚያም የተቀመጠውን ልጅ በስሙ የሚያውቅ ከሆነ፤ ልጃችሁን በእምነት ስጡት።