ልጆቹን ሣር ሳስቆጥር «እረኛው» ተባልኩ… ልልቀቅ ወይስ ልቀጥል?

በዚህ ሳምንት የመረጥነው ደብዳቤ እንደወትሮው የፍቅር አይደለም። ማለቴ… ፍቅርም ትንሽ አለበት፣ ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ስሙና የሚሠራበት ቦታ እንዳይገለጽ ስለጠየቀን ያንን ትተን፣ ረዘም ያለውንም አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። እዚሁ አዲስ አበባ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 58 ተማሪ አለኝ። ኢኮሎጂ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ኖት ጽፌ አስገለበጥኳቸው፤ ግማሹ አንቀላፋ፣ ግማሹ ዴስክ ስር ሌላ ነገር ይሠራል። ‹ፕሮዲውሰር፣ ኮንሲውመር፣ ዲኮምፖዘር› ብዬ ስጠይቃቸው በአንድ ድምፅ ይደግሙልኛል። ምሳሌ ስጡኝ ስላቸው ግን አንበሳና የሜዳ አህያ ብቻ! ደጃቸው ላይ ያለውን ድመትና አይጥ የሚጠራ አንድም ልጅ የለም። ስለዚህ ሲባጎ ገዛሁና ግቢ ይዣቸው ወጥቼ ሣር አስቆጠርኳቸው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ርዕሰ መምህሩ አስጠርተው ‹ወላጅ ልጁን የሚልከው ሊማር እንጂ ሣር ሊቆጥር አይደለም› አሉኝ። ስታፍ ውስጥ ‹እረኛው› የሚል ስም ወጣልኝ። እጮኛዬ ደግሞ ‹በዚህ ደሞዝ ላይ ስድብ ተጨምሮበት ምን ትሠራለህ? ልቀቅ› ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ልልቀቅ? ወይስ እንደ ሰው ኖቴን እየጻፍኩ አርፌ ልቀመጥ?»

ወንድማችን፣ በዚህ ምክንያትስ አትልቀቅ። ደሞዙ አላኖር ብሎህ ከሆነ እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ፣ የቤት ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን፣ ምግቡን ደምረህ ከእጮኛህ ጋር ቁጭ ብለህ የምትወስነው። እሷም የተናገረችው ውሸት አይደለምና አትቆጣት። የደሞዙን ጉዳይና የ«እረኛው»ን ጉዳይ ግን አታደባልቃቸው። በቅጽል ስም ተናደህ ከወጣህ ስለ ሕይወትህ የወሰኑት የስታፍ ቀልደኞች ናቸው ማለት ነው።

ርዕሰ መምህሩንም ጠላት አታድርጋቸው። እስቲ በእሳቸው ወንበር ሆነህ እየው። 58 ልጅ ግቢ ውስጥ ይንጫጫል፣ ከሌላው ክፍል መስኮት አንገቱን ያላሰገገ ልጅ የለም፣ ማን እንደፈቀደ አይታወቅም። አንዱ ወድቆ እጁ ቢሰበር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ላይ ደግሞ ፖርሽን አልቋል ወይ የሚል አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ከመውጣትህ በፊት ሌሰን ፕላንህ ላይ ቁልጭ አድርገህ ጻፈው፤ የመጽሐፉ ስንተኛ ገጽ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ልጆቹ በስንት ቡድን እንደሚከፈሉ። ዩኒት ሊደሩ አይቶ ይፈርምበት። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ማንንም በማይረብሽ ነገር ጀምር።

አስተማሪ ያልሆናችሁ አንባቢዎቻችንም ገጹን እንዳትገለብጡ። ታናሽ እህትና ወንድም የምታስጠኑ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ልጆች የምትሰበስቡ ሁሉ ከዚህ በታች ያለው ይመለከታችኋል።

በውሃው ጀምር። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ጠረጴዛ ላይ አቁም። ይህ በአንድ መስክ ላይ ያለው ሣር ከፀሐይ ያከማቸው ጉልበት ነው እንበል። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዛና አንድ ልጅ ለፌንጣው ድርሻውን ይቅዳለት፤ 100 ሚሊ ሊትር። ከፌንጣው ለእንሽላሊቱ 10 ሚሊ። ከእንሽላሊቱ ለጭልፊቱ… 1 ሚሊ፤ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ የምትል ነገር! ልጆቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ «ቲቸር፣ የቀረውስ የት ሄደ?» ይላሉ። እንዳትነግራቸው። ፌንጣው ሲዘል፣ ሲተነፍስ፣ ሰውነቱን ሲያንቀሳቅስ ያቃጠለው አለ፤ በኩስ የወጣው አለ፤ ሳይበላ የሞተውና የበሰበሰው አለ፤ ራሳቸው ይድረሱበት። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው የሚያልፈው በአማካይ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው የሚባለው ይኸው ነው። ቦታና እንስሳ ሲለያይ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ቋሚ ሕግ አይደለም፤ ይህንንም ንገራቸው። በአንድ ሜዳ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ፌንጣ እያለ ጭልፊቱ ለምን አንድ ወይም ሁለት ብቻ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም። ውሃውን ደግሞ አትድፉት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ልጆቹ እናታቸው ፊት የማይደግሙትን ነገር ማሳየት ደግ አይደለም። አበባ አጠጡበት።

ሁለተኛው የክር ጨዋታ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ካርቶን ቆርጠህ የእያንዳንዱን ስም ጻፍ፤ ፀሐይ፣ ሣር፣ ጤፍ፣ ላም፣ አይጥ፣ ድመት፣ ውሻ፣ ጅብ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ሰው፣ ፈንገስና ባክቴሪያ። አሥራ ሁለት ልጆች ካርቶኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ክብ ሠርተው ይቁሙ። የቀሩት 46ቱ ዳኞች ናቸው፤ ማን ከማን ጉልበት እንደሚያገኝ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በተስማሙ ቁጥር ክሩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጭቅጭቅ ይነሳል። «ውሻ ላም ይበላል ወይ?» ይባላል። ይጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ክሩ የሸረሪት ድር ይመስላል።

አሁን «ከነዚህ አንዱ ይጥፋ ቢባል ማን ይውጣ?» ብለህ ጠይቃቸው። ጥንብ አንሳ እንደሚሉህ አትጠራጠር፤ መልኩ አያምር፣ ስሙ አያምር። እሺ በል። ጥንብ አንሳው የያዘውን ክር ሳብ ያድርግና ይልቀቅ፤ ሲሳብ የተሰማው ሁሉ እጁን ያውጣ። ከዚያ የሕንድን ታሪክ ንገራቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሕንድና በጎረቤቶቿ ጥንብ አንሳዎች እንደ ቅጠል ረገፉ። ሦስት ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ አለቁ። በሽታ ነው ተባለ፣ ሌላም ሌላም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓኪስታን ውስጥ የተደረገ ምርምር ገዳዩን አገኘው፤ ዳይክሎፌናክ! እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንወጋው፣ የምንውጠው ያው መድኃኒት። ለታመሙ ላሞች ይሰጥ ነበር። ላሟ ስትሞት ሥጋዋ ውስጥ ይቀራል፤ እሱን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ሥራ ያቆምና ይሞታል። ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች። እስከዚያ ግን ሬሳውን የሚጠርግ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ተከመረ፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተባዙ፤ ከውሻ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በ2024 ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንብ አንሳዎቹ በመጥፋታቸው ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት 500 ሺህ ገደማ ተጨማሪ ሰው ሕንድ ውስጥ እንደሞተ ገምተዋል። ይህን ስትጨርስ ያንን አስቀያሚ ያሉትን ካርቶን ማን እንደሚያነሳው እይ! የእኛም ከተማ ቄራ አካባቢ የምታንዣብበው ትንሿ ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ ዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ነው የተመዘገበችው።

የብስባሹ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ቀላል ነው። ሁለት ሃይላንድ አንገታቸውን ቁረጥ። በሁለቱም ውስጥ የሙዝ ልጣጭ፣ ቁራጭ ጋዜጣ (ይቺን ራሷን፣ ካነበባችኋት በኋላ!)፣ የጥጥ ጨርቅና ፌስታል አፈር ውስጥ ቅበር። አንደኛው አፈር ከዛፍ ስር የመጣ እርጥብ ይሁን። ሁለተኛውን አፈር ቤትህ አሮጌ ምጣድ ላይ በደንብ ቆልተህ አምጣው፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች አብዛኞቹ ይሞታሉ። እኩል ውሃ አጠጥተህ በየሳምንቱ አርብ አሳያቸው። ያልተቆላው ቀድሞ ይበሰብሳል፤ ቆይቶ የተቆላውም ይጀምረዋል፣ ምክንያቱም ከአየር የሚገባበት አለ። ፌስታሏ ግን በሁለቱም እንደገባች ትወጣለች። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ «የእኛ ቤት ቆሻሻስ የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል፤ ቆሼን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፤ በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ሻጋታ የሚያስነጥሳቸውና አስም ያለባቸው ልጆች ጠርሙሱን ከሩቅ ይዩት።

ጉልበት የተረፋቸው ቀን የዋልያ ጨዋታ አጫውታቸው። ዋልያን መቼም የሚያውቁት በማልያ ነው፤ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዱር የትም እንደማይገኝ ስንቱ ያውቃል? ግማሹ ክፍል ዋልያ፣ ግማሹ ሀብት ይሆናል። ሆድ መያዝ ምግብ፣ አፍ መያዝ ውሃ፣ እጅን ራስ ላይ ማድረግ መጠለያ ነው። ጀርባ ለጀርባ ሆነው እያንዳንዱ ምልክቱን ይመርጥና ዞር ይላሉ። ዋልያው የሚፈልገውን ካገኘ ያንን ልጅ ወደ ዋልያ ወገን ይወስደዋል፤ ያጣ ሞቶ ሀብት ይሆናል። አሥር ዙር ተጫውታችሁ የዋልያዎቹን ቁጥር ሰሌዳ ላይ አስምር፤ መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ታየዋለህ።

አሁን ወደ ሣሩ። ልጆቹን አስቆጠርካቸው፤ ግን ምን ጠየቅካቸው? ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም። ርዕሰ መምህሩን ያስደነገጠው ምናልባት ጥያቄ የሌለው ቆጠራ ይሆናል። 4 ሜትር ሲባጎ አራት ችካል ላይ ስታዞረው እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሜትር ይሆናል። ሁለት ቦታ ምረጡ፤ ልጆች የሚመላለሱበትና አጥር ስር ያለው። ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱ ቡድን «እዚህ ይህን ያህል ዓይነት ተክል አለ» ብሎ ግምቱን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ልክ እንደ ኳስ ውርርድ። ችካሉ የሚተከልበትንም ቦታ ያማረውን መርጠው ሳይሆን ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ ዕጣ አውጥተው ይወስኑት። የተክሉን ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ «ቅጠለ ሰፊ»፣ «ባለ እሾህ» ብለው ስም ያውጡለት። ስድስት ስድስት ሆነው ሁለቱ ይለኩ፣ ሁለቱ ይቁጠሩ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ክፍል ተመልሳችሁ «የት በዛ? የት አነሰ? ለምን?» ነው ጨዋታው። ግቢው ላይ ባሕር ዛፍ ካለ የሱን ስርና የሌላ ዛፍ ስር አወዳድሩ፤ እሱ ላይ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

ግቢው ሲሚንቶ ብቻ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። የግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለውን ቁጠሩ። ወይም ጉንዳን መንገድ ዳር ስኳር፣ ጨው፣ በርበሬና ዘይት ቁንጥር ቁንጥር አድርጋችሁ አስቀምጡና ከ10 ደቂቃ በኋላ የትኛው ላይ ስንት ጉንዳን እንዳለ ቁጠሩ። ወንዝ ዳር ግን አትውሰዷቸው፤ የከተማችን ወንዞች እጅ የሚነከርባቸው አይደሉም። አፈር ነክተው ሲመለሱም እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ይህን የማታሟሉበት ቀን ባትወጡ ይሻላል።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ አጭር ፈተና ስጣቸው። ከኖት የሚገለበጥ ጥያቄ አይሁን፤ «ሰፈራችን ውስጥ የአይጥ መርዝ ቢበተን ድመቷና ጭልፊቱ ምን ይሆናሉ? ለምን?» ዓይነት ይሁን። ያው ጥያቄ ከመጀመርህ በፊትም ተሰጥቶ ቢሆን ደግሞ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ማሳየት ትችላለህ። ከጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ወንበር ልጆችም ወረቀት መርጠህ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይዘህ ግባ፤ ከሌሰን ፕላኑ ጋር። ስለ «እረኛው» ምንም አታንሳ። ያሉህን ጻፍልንና እዚሁ ዓምድ ላይ እናወጣዋለን።