አንድ ቀን በቦንጋ

በዚህ ሳምንት የምናወራችሁ ስለ አንድ ቀን ጉዞ ነው። በገበያ ቀን ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሄደን ነበር። የሄድነው ስድስት ሆነን ነው። ሁለታችን አስተማሪዎች ነን። አራቱ ደግሞ ከጣቢያችን የሚማሩ ወዳጆቻችን ናቸው። አንዲት ኮረሪማ የያዙ እናት፣ አንድ ማር የያዙ አባት፣ እንዲሁም አንድ ወጣት ገበሬና ባለቤቱ።

«ቦንጋን እናውቃት የለም ወይ? ምን አዲስ ነገር አለ?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ባለ ማሩ አባታችን ቦንጋን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። ግን አንብበዋት አያውቁም። ነገሩ ወዲህ ነው።

ማለዳ መኪና ተሳፈርን። ትኬት ተሰጠን። አባታችን ትኬቱን ገለበጡት፤ ከዚያም ቀና አድርገው ያዙት። «ዋ… ጫ… ዋጫ! ይኼ የኛ አገር ስም ነው እኮ!» አሉ። ከጎኑ ደግሞ «ቦንጋ» የሚል አገኙ። የከፈሉትን ገንዘብም አነበቡ። ድሮ ትኬታቸውን የሚያስነብቡት ለሌላ ሰው ነበር።

ሺሺንዳን አልፈን ውሽውሽ ደረስን። ሻይ ቅጠሉ ጫፉ እኩል ተቆርጦ፣ ዳገቱን ሁሉ ሸፍኖታል። የወጣቱ ባለቤት በመስኮት እያየች የመንገዱን ሰሌዳ አነበበች። «ውሽውሽ! ሻይ ማሸጊያው ላይ ያለው ስም!» አለች። ፊደሉን ቤቷ አይታዋለች፤ ቦታውን አሁን አየችው።

ቦንጋ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። ቀይ የቦንጋ በግ፣ ቀንድ የሌለው፣ ጭራው ረጅምና ሰፊ፣ በብዛት ወጥቷል። ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ጥምዝ አለ፤ ኮረሪማ አለ። ማርም ብዙ ነው። ነጩ ማር ንቦች ከገተም ዛፍ አበባ የሚሠሩት ነው። የአባታችን ማር ነጭ ስለ ነበር ቶሎ ተሸጠ።

የኮረሪማው ነገር ግን እንዲህ ሆነ። አንድ ነጋዴ ከረጢቱን በተንጠልጣይ ሚዛን ላይ ሰቀለው። አየት አደረገና «እማማ፣ ሦስት ኪሎ ነው» አለ። እናታችን ዝም ብለው ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ቆየኝ። መርፌው 3ን አልፎ የለም ወይ?»

ነጋዴው ደንገጥ አለ። «ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነው» ብሎ እንደገና መዘነ። 3 ኪሎ ተኩል ሆነ። ፀሐይ ይሁን ሌላ፣ እሱ ያውቃል። የግማሽ ኪሎው ዋጋ ግን ለእናታችን ተከፈለ።

እኛ ደስ ብሎን ልናጨበጭብ ነበር። እናታችን ግን አልሳቁም። ብሩን በመቀነታቸው እየቋጠሩ «ስንት ዓመት ሸጥኩ? ስንት ግማሽ ኪሎ ቀርቶብኛል?» አሉ። ከእኛ መካከል መልስ የሰጠ የለም። ምን ይባላል?

ስለዚህ፣ ሻጮች ሁሉ፣ ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ዕቃው ከመሰቀሉ በፊት ሚዛኑን እዩ። መርፌው 0 ላይ መቆም አለበት።

ሁለተኛ፣ መርፌው የቆመበትን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። አንድ ኪሎ 1000 ግራም ነው። ግማሽ ኪሎ 500 ግራም፣ ሩብ ኪሎ 250 ግራም ነው።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ ብሩን ቆጥራችሁ ተቀበሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ራበን። ወጣቱ ገበሬ «ቤት» የሚል ጽሑፍ ከሩቅ አይቶ ፈጥኖ ገባ። «ምን ምግብ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ከውጭ ሆና ሰሌዳውን ከመጀመሪያው አነበበች፤ «መ-ድ-ኃ-ኒ-ት ቤት»። ኧረ ሳቅ! ወጣቱም አብሮን ሳቀ። ለካ ቃሉን ከመጨረሻው ነበር ያነበበው።

ምግብ ቤቱን ባለቤቱ አገኘችው። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን። ሚጥሚጣው ኮረሪማና ጥምዝ ገብቶበት ይጣፍጣል። ግድግዳው ላይ የምግቡና የመጠጡ ስም ከነዋጋው ተጽፏል። አባታችን ከላይ ጀምረው ወረዱ። «ሽሮ፣ ጥብስ፣ ፓስታ፣ ማ… ኪ… ያቶ። ማኪያቶ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቡና በወተት ነው አባባ። ስሙ ጣልያንኛ ነው።»

«ቡናው የኛ፣ ስሙ የሰው!» አሉና የጀበና ቡና አዘዙ።

ከዚያ ቦንጋ ውስጥ የተሠራውን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አየን። ቡና ማንም ሳይተክለው በካፋ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። ዓለም ሁሉ የሚጠጣው አረቢካ የተባለው ቡና መነሻው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ከዚህ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ። ከየመን ወደ ሌላው ዓለም ሄደ። ዛሬ ከሁሉ አብልጣ ቡና የምታመርተው ብራዚል ናት።

«ታዲያ የኛ ጫካ አሁን ምን ይጠቅማል?» ብሎ ወጣቱ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ረገፈ። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚችል ቡና ፍለጋ ወጡ። ያገኙትም በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኙ የቡና ዛፎች መካከል ነው። ዘሩን አባዝተው ለገበሬው ሰጡ። እንግዲህ ጫካው የዘር ጎተራ ነው ማለት ነው። ጎተራውን ያቃጠለ ሰው ነገ ምን ይዘራል?

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት የካፋን ጫካ መዝግቦታል። ስፋቱ ወደ 760 ሺህ ሄክታር ይደርሳል። በሦስት ይከፈላል። ውስጠኛው ክፍል ጨርሶ አይነካም። ቀጥሎ ያለው ጫካውን ሳይጎዱ የሚጠቀሙበት ነው። ውጪኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው።

አባታችን ስለ መጨረሻው የካፋ ንጉሥ ስለ ጋኪ ሸሮቾ ብዙ ታሪክ በቃላቸው ያውቃሉ። መንገድ ለመንገድ እየነገሩን ሄድን። እኛ የጨመርንላቸው ዓመቱን ብቻ ነው። መንግሥቱ የወደቀው በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ነው። አባታችን «1889»ን በትኬታቸው ጀርባ ጻፉት።

የእግዜር ድልድይ የሚባለውን፣ ተፈጥሮ ከድንጋይ የሠራችውን ድልድይ ለማየት ጊዜ አልበቃንም። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ መኪናውም ጮኸብን።

እናታችን በግማሽ ኪሎው ዋጋ ጨውና ሳሙና ገዝተዋል። አንድ እርሳስም ጨምረዋል። ማታ ዋጫ ስንደርስ «ነገ ትምህርት በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁን። ሰዓቱን ያውቁታል። እንዳንቀር ብለው ነው።

ጥያቄዎች

1. ዕቃ ከመመዘኑ በፊት የሚዛኑ መርፌ የት ላይ መቆም አለበት?

2. ሦስት ኪሎ ተኩል ስንት ግራም ነው?

3. ወጣቱ ገበሬ ለምን ተሳሳተ?

4. ጫካው የዘር ጎተራ የተባለው ለምንድን ነው?

5. እናንተስ ከተማ ስትሄዱ መጀመሪያ ያነበባችሁት ቃል ምን ነበር? ጽፋችሁ ወደ ጣቢያው አምጡ።