ወንድነት በሰንጋ፣ ጋብቻ በከብት

በጋምቤላ ከተማ መካከል፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የተመለከተ ሰው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉትን የኑዌር ወንዶች ከግንባራቸው ይለያቸዋል። ከግንባር እስከ ጆሮ የተሰመሩት ስድስት መስመሮች፣ «ጋአር» የሚባሉት፣ ባለቤታቸው ከልጅነት ወጥቶ ወንድ መባሉን ይመሰክራሉ። ደብተር ይዘው በሚያልፉት ብዙ ወጣቶች ግንባር ላይ ግን ይህ ምልክት የለም።

በኑዌር ልማድ ወንድነትና ሴትነት በከብት የሚገለጽ ነገር ነው። ልጁ ጋአር ሲቀበል አባቱ ሰንጋ ይሰጠዋል፤ ጓደኞቹም ከዚያ ወዲያ በሰንጋው መልክ ይጠሩታል። ሴቶችም ከሚያልቧት ላም ስም ይወስዳሉ። ጋአር የተቀበለ ወንድ ማለብ ክልክል ስለ ሆነ፣ መቶ ላም ያለው ወንደላጤ እንኳ ወተት ለመጠጣት የሴት ወይም የልጅ እጅ ይጠብቃል ማለት ነው!

ይህም ብቻ አይደለም። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ መካን የሆነች ሴት ከብት ካላት ጥሎሽ ከፍላ ሌላ ሴት ታገባለች። ልጆቹ ከሌላ ወንድ ቢወለዱም «አባት» የምትባለው እርስዋ ናት። እንግዲህ ባል የሚያሰኘው ከብቱ ነው።

ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱና ከተማው አዲስ ዓይነት ሰው አምጥተዋል። ጋአር ሳይቀበል ያደገው ወጣት «ኮርማ ልጅ» የሚል ስም እንደ ወጣለት ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈዋል። ስሙን ልብ ይሏል፤ በቁመቱ ኮርማ፣ በማዕረጉ ልጅ!

እኛ ምላጩ በመቅረቱ አናዝንም። የሚያሳስበን ጥሎሹ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ ታጣቂዎች በጋምቤላ ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናትና ከ2,000 በላይ ከብት ይዘው ሲሄዱ፣ ለሟቹና ለተወሰደው ሕፃን ወደር ባይኖረውም፣ ከከብቱ ጋር የስንቱ ጎረምሳ ጋብቻ አብሮ ተነድቷል።

ከብቱ ያለቀበት ቤት ተስፋው ሴት ልጁ ናት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ተደንግጓል። ወንድሟ ግንባሩን ምላጭ ሳይነካው ተምሮ ቢመለስም፣ ሚስት የሚያገባበት ከብት የሚጠበቀው ግን በእኅቱ ጥሎሽ ነው፤ እርስዋም ትምህርቷን ገና አልጨረሰች ይሆናል።